ያልነበረው ፈገግታ

ላቀው ውሸቱን የተናገረው በጠራራ ፀሐይ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቅ መደብር ፊት ለፊት ነው። አጭር ውሸት ነበረች። አራት ወር ሙሉ ግን እንቅልፍ ነሳችው።

የሚወዳት ይሻሽ ክንዱን ይዛ ቆማለች። እናቱ አመለወርቅ ከመደብሩ ስትወጣ ሦስቱ ባጋጣሚ የተገናኙ እንዲመስል አድርጎ ያመቻቸው ራሱ ላቀው ነው። ይሻሽ ዓይነ ስውር ናት። ገና በአራት ዓመቷ፣ ጎንደር ሳሉ፣ ኩፍኝ ብርሃኗን ወሰደው። አመለወርቅ ይህን አታውቅም። ልጇ "አንዲት ልጅ አለች" ከማለት በቀር ምንም አልነገራትም።

ይሻሽ እጇን ዘረጋች። "እንደምን ዋሉ እማማ" አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ።

አመለወርቅ መጀመሪያ የተዘረጋላትን እጅ አየችው። ቀጥላ የልጅቷን ዓይኖች አየች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ልጇን ትክ ብላ ተመለከተችው። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ በጉሮሮዋ መለሰችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተዘረጋው እጅ በመንገደኛው ፊት እንደተዘረጋ ቀረ።

ላቀው ያን እጅ ራሱ ያዘው።

"እናቴ ደንግጣ ነው" አላት። "እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋችልሽ። ፈገግ ብላለች።"

ይሻሽ ሳቀች። የእናቱን ድምፅ ወደ ሰማችበት ዞራ ደግማ እጅ ነሳች። እጅ የነሳችው ለሴትየዋ ጀርባ ነበር። ላቀው ይህን አይቶ አልነገራትም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይረሳው ይሆናል። የላቀው ሥራ ግን ያየውን መናገር ነበር።

ቀን ታሃና መርካዚት፣ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ የመንገደኛ ቦርሳ ይፈትሻል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት መሆኑ ነው፣ የሰፈሩን አዛውንቶች ለጉብኝት ወደ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ሲወስዷቸው እሱም አብሮ ሄደ። አዛውንቶቹ ዕብራይስጥ አይሰሙም። ላቀው መሐላቸው ተቀምጦ በሹክሹክታ ይነግራቸው ጀመር። "አሁን ተቀመጠች። ደብዳቤውን ትራስ ሥር ከተተችው። ሰውዬው አይቷታል፤ ዝም አለ።"

ትርኢቱ ሲያልቅ አዘጋጇ ፕኒና መጥታ እጅጌውን ያዘችው። ጸጉሯን ያሳጠረች፣ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። ልትቆጣው የመጣች መሰለው።

"ይቅርታ፣ ረበሽኩ" አላት በዕብራይስጥ።

"ረበሽክ" አለችው። "ሰኞ ናና መድረክ ላይ ረብሽ።"

ሰኞ ሄደ። ይሻሽን ያገኛት ያን ቀን ነው። እሷ ቀን የስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራለች፤ ከሥራ በኋላ ተዋናይ ናት።

በሌሎች ቴአትር ቤቶች ለዓይነ ስውር ተመልካች የጆሮ ማዳመጫ ይሰጡታል። አንድ ሰው ጓዳ ተቀምጦ መድረክ ላይ የሚሆነውን ያንሾካሹክለታል። ፕኒና ይህን አትወደውም። "ለምን ይደበቃል?" ትላለች። "መድረኩ ላይ ይቀመጥ። የሚያየውም የማያየውም ይስማው። እኔ እርዳታ አልሰጥም፤ ቴአትር ነው የምሠራው።" ስለዚህ ላቀውን ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። የሚሆነውን አንዴ በዕብራይስጥ፣ አንዴ በአማርኛ ይናገራል። "ነጋሪ" አሉት።

ቴአትሩ የሁለት እኅትማማቾች ነው። አንዷ ታያለች፣ አንዷ አታይም። የሞተ አባታቸው በተወላቸው ጠባብ ቤት ይኖራሉ። መጀመሪያ ላይ ሰው ነጋሪውን ልብ አይለውም። ቆይታ የማታየዋን የምትጫወተው ይሻሽ ወደ እሱ ትዞርና "የእኅቴ እጅ ተንቀጠቀጠ ያልከኝ ማን ንገርባት ብሎህ ነው?" ብላ ትቆጣዋለች። ሰው ይስቃል። የምታየው እኅት የአባቷን ወረቀት ስትደብቅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነጋሪውን ትለምነዋለች፤ እሱ ግን ይናገራል። ሳቁ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ መብራቱ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት ያህል አዳራሹ ሁሉ በላቀው አፍ ያያል።

መጨረሻ ላይ ያልተጻፈ ክፍል አለ። መብራቱ ሲመለስ ይሻሽ መድረኩ ጫፍ ላይ ትቆምና "ዛሬ ማን መጥቷል?" ትላለች። ላቀው ሕዝቡን አይቶ ያየውን ይነግራታል። በየቀኑ ሌላ ነው። ሰው ይህን ክፍል ከሁሉም ይወደዋል።

ፕኒና ያስተማረችው ብዙ አይደለም። "አዘነች አትበል፤ አንገቷን ደፋች በል። ማዘኗን ሰሚው ይወቀው። ዘለህም አትለፍ። የዘለልከው ነገር ከእሷ የተሰረቀ ነው።"

ለመለማመድ ይሻሽ በዕረፍት ሰዓቱ ታሃና መርካዚት ትመጣለች። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና የሚያልፈውን ሁሉ ይነግራታል። ወታደር፣ ካርቶን የተሸከመች ሴት፣ አውቶቡስ ያመለጠው ሽማግሌ። ፍቅራቸው እዚያ አግዳሚ ላይ ሥር ያዘ። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦

"ሌላ ሰው ሲነግረኝ ያሳምርልኛል። እንደ ሕፃን። አንተ አታሳምርም። ለዚህ ነው የማምንህ።"

ከዋሸበት ቀን በኋላ አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ይህ ቃል ይመጣበት ነበር።

የይሻሽ አባት ይግዛው ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር፣ ምድር ቤት ከእሷ ጋር ይኖራል። የላቀው እናት ፈገግ ማለቷን ከይሻሽ ሲሰማ ብድግ አለ። በወገኑ ልማድ፣ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ በፊት ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ የተዛመደ አይጋባም። ይግዛው በአውቶቡስ ኪርያት ጋት ሄደ፣ አሽኬሎን ሄደ፤ የላቀውን ዘመዶች ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጋር እየተቀመጠ በጣቱ ቆጠረ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። "አንነካካም" ብሎ ደስ ብሎት ተመለሰ። ከዚያ ሽማግሌ መጠበቅ ጀመረ። በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ይቀመጣል።

ሽማግሌ አልመጣም። ላቀው አንዴ "እናቴ አሟታል" አለ። አንዴ "ዘመድ ሞቶብናል" አለ። ወሩ በዚህ አለፈ፤ ሌላውም።

ላቀው ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር።

"ዓይኗ መጥፋቱ የሷ ጥፋት አይደለም" አለች አመለወርቅ። "ይህን አላጣሁትም። የኔን የመድኃኒት ወረቀት ግን ማን ያነብልኛል? ኩፓት ሆሊም ሐኪሙ ጋ ማን ይወስደኛል? አባትህ ሱዳን ቀረ። አንድ ነህ። አንዱን ለሁለት ዕውር ልታካፍለው ነው?"

"አንቺ እኮ ታያለሽ እማ።"

"ፊደል የማያይ ዓይን ምኑ ዓይን ነው?"

ላቀው እናቱን መጥላት ፈለገ፤ አልቻለም።

በሦስተኛው ወር ይሻሽ ካሴት ሰጠችው። አገር ቤት ለቀሩ ዘመዶች መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ይልኩ ነበር። እሷም እንደዚያ አድርጋ ለአመለወርቅ ቀዳች። "ለእማማ ነው። አንተ እንዳታዳምጠው" አለችው። ላቀው የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። አላዳመጠውም፤ ለእናቱም አልሰጣትም። በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ የራሱ ኪስ ይከብደዋል። አንድ እሑድ እጁን ቢሰድ ካሴቱ የለም። የትም ወድቆ ቀርቷል አለ በልቡ። ቀለል አለው። ወዲያው ቀለል ስላለው አፈረ።

በአራተኛው ወር አንድ ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትርኢት ነበር። ውጭ የክረምቱ ዝናብ ቆሟል። ይሻሽ ከመድረኩ ጀርባ ወንበር ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ታጠብቃለች።

"እናትህ ዛሬ ትመጣለች" አለችው።

"ማን አለሽ?"

"በካሴቱ ጠርቻታለሁ። ቀኑንም ሰዓቱንም ነግሬያታለሁ።" ቀና አለች። "ሰጠሃት አይደል?"

"አዎ" አለ ላቀው።

ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋም አጠረች።

ይግዛው በጓዳው በር አንገቱን አስገባ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

"አንተ ልጅ፣ እናትህ ተሻላት?"

"ደኅና ናት አባባ።"

"ረጅም ሕመም ነው የታመመችው። እግዚአብሔር ይማራት።" ይግዛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ሽማግሌ ለመላክ እንኳ ተኝቶም ይቻል ነበር። የሚሄዱት እነሱ ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም።"

"አባባ፣ ልጁን ተወው" አለች ይሻሽ እየሳቀች።

"ምን አልኩት? ስለ ጤና ነው የጠየቅሁት።"

ላቀው አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ። ከንፈሩ አልታዘዘለትም።

ወንበሩ ላይ ወጥቶ አዳራሹን አየ። ሰማንያ ሰው ያህል ነበር፤ ግማሹ ከሽኩና ቤት በእግሩ የመጣ። ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ እናቱ ተቀምጣለች። የአውቶቡስ ቁጥር ማንበብ የማትችል ሴት ሰው እየጠየቀች ብቻዋን መጥታለች። ካሴቱ የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባው። ጃኬቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አግኝታዋለች፤ ሰምታዋለች። ምን እንደሰማች ግን አያውቅም።

የምታየው እኅት ወረቀቱን ደብቃ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ስታደርግ ላቀው ወደ እናቱ አየ። "ደበቀችው" አለ። መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ሩብ ሰዓት የተጻፈለትን አንድም ሳይዘል ተናገረ። መብራቱ ተመለሰ። ይሻሽ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆመች።

"ዛሬ ማን መጥቷል?"

"የመጀመሪያው ረድፍ ሞልቷል" አለ ላቀው በዕብራይስጥ፤ በአማርኛም ደገመው። "አባትሽ አለ። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ ማስቲካ ታኝካለች። አሁን ተወች።"

ሰው ሳቀ። ሳቁ አለቀ። ላቀው አልቀጠለም።

"ሦስተኛውስ?"

ፕኒና ከመብራት መቆጣጠሪያው ኋላ ተነስታ ቆመች።

"ሦስተኛውስ፣ ላቀው?"

በቴአትሩ ውስጥ ነጋሪው ስም የለውም። ይሻሽ ስሙን ስትጠራው ዕብራይስጡ ከአፉ ጠፋ።

"ሦስተኛው ረድፍ ዳር እናቴ አለች" አለ በአማርኛ።

የይሻሽ ፊት በራ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች።

"ፈገግ ብላለች?"

አዎ ቢል ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቅበትም። ያ አንድ ሰው ግን ዓይን ዓይኑን እያየው ነው።

"የለም" አለ። "ፈገግ አላለችም። ያን ቀንም አላለችም።"

ይሻሽ አልተንቀሳቀሰችም።

"ያን ቀን እጅሽን አየችው። አልያዘችውም። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደግመሽ እጅ ስትነሺ ጀርባዋን ሰጥታሽ ነበር። ፈገግ ብላለች ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ አላመማትም። ዘመድም አልሞተብንም። ካሴቱን አልሰጠኋትም፤ ራሷ ነው ያገኘችው።"

አማርኛ የማይሰሙት ተያዩ። አንዱ አጠገቡ ያለችውን ባልቴት "ማ ሁ ኦሜር? ምንድን ነው የሚለው?" ብሎ ጠየቃት። "ቆይ" አለችው። አልተረጎመችለትም።

የይሻሽ እጅ ከደረቷ ላይ ወረደ።

"አባቴ ምን እያደረገ ነው?"

"ባርኔጣውን አደረገ። ተነሣ። ቆሟል፤ አልወጣም።"

"እናትህስ?"

"ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች።"

"ታለቅሳለች?"

"አላውቅም። አይታየኝም።"

ይሻሽ በዕብራይስጥ፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ "መብራቱን አጥፉልኝ" አለች። ፕኒና አጠፋች። ላቀው በጨለማው ውስጥ የእግሯን ኮቴ ሰማ፤ የማንንም ክንድ ሳትይዝ ከመድረኩ ወረደች። ሰው አጨበጨበ። ቴአትሩ መስሎት ነው። ላቀው ጭብጨባው እስኪያልቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ድንጋይ የሚወረወርበት ያህል ተሰማው።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ይግዛውን መተላለፊያው ላይ አገኘው።

"አባባ…"

"ሰባት ትውልድ ቆጠርኩ" አለ ይግዛው። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው ይመስላል። "ስንት ሙት አስጠየቅሁ። አንዲት በሕይወት ያለች ሴት መጠየቅ ረሳሁ።"

ከመስታወቱ በር ወዲያ አዳራሹ ባዶ ነው። አመለወርቅ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። ይሻሽ የወንበሮቹን ጀርባ እየዳሰሰች ወደ እሷ ትሄዳለች። ላቀው ሊመራት በሩን ሲገፋ ይግዛው ክንዱን ያዘው።

"ተው። ወንበር መቁጠር ታውቃለች።"

ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሐላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተዋል። አመለወርቅ ብዙ ተናገረች። ይሻሽ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች፤ አጭር ነገር መለሰች። አመለወርቅ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ከመስታወቱ ወዲህ አንድ ቃል አይሰማም።

ይሻሽ ወጣች። ከሽታው ይሁን ከትንፋሹ ላቀው አላወቀም፤ እሱ እዚያ መቆሙን ግን አውቃለች።

"ይሻሽ" አላት።

"ዛሬ ብዙ ተናግረሃል" አለች። የአባቷን ክንድ ይዛ ሄደች። ላቀው መንገዱን ለቀቀላት፤ ከዚያ በላይ ሊያደርግላት የቻለው ነገር አልነበረም።

እናትና ልጅ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሙ። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል።

"ምን ተባባላችሁ እማ?"

"ይቅርታ ጠየቅኋት" አለች አመለወርቅ። "ካሴቱ ላይ እንዲህ ትላለች፦ እማማ፣ ያን ቀን ፈገግ ያሉልኝን ይዤ ነው የምውለው፤ ሥራ ሲከብደኝ እሱን አስባለሁ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ያላደረግሁትን በጎ ነገር ታመሰግነኛለች። ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም።"

"ማረችሽ?"

"ማረችኝ። የሚነበብ ወረቀት ካለ በስልክ ይንገሩኝ፣ አስነብብልዎታለሁ አለችኝ። ይህን ስትለኝ ባልሰማኋት ብዬ ተመኘሁ።"

"እኔንስ?"

አመለወርቅ ልጇን አየችው።

"ላንተ አልጠየቅኩልህም። አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የራሴ ይበቃኛል። አንተ እኔ ያላደረግሁትን በኔ ፊት ላይ ለጥፈህ ነው የሰጠሃት። ያን አንተው ጠይቅ።"

አውቶቡሱ መጣ። አመለወርቅ ሾፌሩን ራሷ ጠይቃ ወጣች። ላቀው አልተከተላትም።

ሽኩና ቤት እስኪደርስ የሚለውን አዘጋጀ። በሩ ላይ ሲቆም ሁሉም ጠፋበት። አንኳኳ።

"ማነው?" የይሻሽ ድምፅ ነበር።

"ላቀው ነኝ።"

መቀርቀሪያው አልተነካም።

"ምን ፈለግህ?"

"የቀረ ነገር አለ። አዳራሹ ውስጥም ዘልዬዋለሁ።"

"ተናገር።"

"እንዳላጣሽ ፈርቼ የዋሸሁ መስሎኝ ነበር" አለ። "አይደለም። ያን ቀን መንገዱ ላይ ሰው ያየን ነበር። እጅሽ ባዶ አየር ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ የሰፈር ሰዎች ቆመው አዩ። አፈርኩ። በእናቴ ብቻ አይደለም፤ ባንቺም አፈርኩ። ቶሎ እንድናልፍ ብዬ ነው የዋሸሁት። እጅሽን የያዝኩትም ሰው እንዳያየው ነው።"

ለራሱም እንኳ ነግሮት የማያውቀው ነገር ነበር። ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ፤ ቃሉ ትንሽ ሆነበት፤ ቢሆንም ተናገረው።

አንድ ቤት ቴሌቪዥን ይሰማል፤ ደረጃው ላይ ሰው ወጥቶ አለፈ፤ አየውም። ላቀው ፊቱን አልመለሰም። ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠጋ።

በሩ አልተከፈተም። የይሻሽ ኮቴ ግን አልራቀም። ቅርብ፣ ከእንጨቱ ወዲያ ማዶ፣ ትንፋሿ ይሰማዋል፤ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይቆማል። ታለቅስ እንደሆነ ማወቅ አልቻለም። ለመገመትም አልደፈረም። እዚያው ቆሞ አዳመጣት።